የዘይት ቤቱ ቦይ

ጋሽ እንድሪስ ሱብሂ ሰግደው እንደጨረሱ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ የሽመና ጉድጓዳቸውን መድፈን ጀመሩ። ልጃቸው ዘይቱና ከጓዳ ስትወጣ ከጓሮ የቆፈሩትን አፈር በባልዲ እያመላለሱ ግማሹን ሞልተውት አገኘቻቸው። ያ ጉድጓድ እሷ ሳትወለድ ጀምሮ እዚህ ቤት የነበረ ነው። ብርሃን እንዲያገኝ ተብሎ ከበሩ አጠገብ የተቆፈረ፣ ከጉልበት በላይ የሚጠልቅ ነበርና የቤቱ ኑሮ ሁሉ በእሱ ዙሪያ ነው የተደላደለው፤ ሰሌኑ የሚነጠፈው ከእሱ ወዲያ፣ የእንግዳ መደቡ ከእሱ ወዲህ። ሲመሽ የሚመጣ ሰው ሰላምታው ሳያልቅ "ጉድጓዱን!" ተብሎ ይጮህበታል። እሷም ወንድሟ ሙዘይንም በልጅነታቸው ወድቀውበታል፤ አንዲት የጎረቤት ፍየልም ወድቃበት ቤቱን በጩኸት አናውጣዋለች። አሁን የሽመና እቃው ተፈታቶ፣ ቋሚዎቹ ለብቻ፣ መርገጫዎቹና መወርወሪያዎቹ ለብቻ በገመድ ታስረው ግድግዳውን ተደግፈዋል። ሽማግሌው የመጨረሻውን አፈር ገልብጠው በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት። ከዚያ ቆመው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉና ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዱአ አደረጉ። ሲጨርሱ ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ።

"ምነው አባዬ፣ ዛሬ አዲሱን አዳራሽ ገብተው ካዩት በኋላ ቢደፍኑት?" አለች ዘይቱና።

"ጓዙን አንስቶ ጉድጓዱን ከፍቶ የሚሄድ ሰው አለ? ደግሞ ሰው ይገባበታል።" አፈሩን ከእጃቸው አራገፉ። "ሂጂ አንቺ፣ አትዘግዪ። ስትጨርሱ ላኩብኝ፣ እኔ ተዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።"

ዘይቱና ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ሐይቅ ከተማ ጧት ጧት ከውሃው በሚነሳ ጉም ትሸፈናለች፤ የደሴ አውቶቡስ ጥሩንባ ይሰማል እንጂ አውቶቡሱ አይታይም። በመንገዱ ዳር ሱቆች በረንዳ ላይ፣ ልብስ ሰፊዎቹ በየቀኑ ይቀመጡባቸው የነበሩት ቦታዎች ባዶ ናቸው። ዘይቱናም ከእነዚያ በረንዳዎች በአንዱ፣ ከጨርቃጨርቅ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ መኪናዋን ዘርግታ ስትሰፋ ኖራለች፤ ለበረንዳው ኪራይ ትከፍላለች፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መኪናዋን ታቅፋ ወደ ሱቁ ውስጥ ትሮጣለች፣ ባለሱቁም ፊቱን ያጠቁርባታል። ያ ሁሉ ዛሬ ሊያበቃ ነው። የከተማዋ ልብስ ሰፊዎችና ሸማኔዎች ባንድ ላይ ማኅበር አቋቁመው፣ ሥራው ከቆመ ዓመታት ያለፉትን አሮጌውን የዘይት መጭመቂያ ከቀበሌው ተረክበዋል። ቤቱን ጠርገውና አድሰው አዳራሽ ካደረጉት፣ ጨርቁም ክሩም በማኅበሩ ስም በኮታ ይመጣል። ኮታ የሚያገኘው ግን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ብቻ ነው፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ክር ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ሰንብቷል። ቢገኝም አንዱ ጥቅል ድሮ ሦስቱ በሚገዛበት ዋጋ ነው።

ይህን ቤት ከቀበሌው ያወጣው የዘይቱና ታናሽ ወንድም ሙዘይን ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። መምህር ነው፤ ደሴ ኮሌጅ ተምሮ መጥቶ የከተማው ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ከሰዓት ደግሞ ለማኅበሩ በነፃ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል። ቤቱን የእህል መጋዘን እናድርገው ያሉ ሰዎች ነበሩ። ሙዘይን እየተመላለሰ፣ በየስብሰባው እጁን እያወጣ፣ በትህትናም በክርክርም አሸነፋቸው። ለወራት አልጋው ላይ ሆኖ ሳይቀር ስለ መስኮትና ስለ ጠረጴዛ ነበር የሚያስበው። ይህም ሆኖ አባቱ ቤት ከመጣ ሰንበትበት ብሏል። ሲመጣም ከበሩ ቆሞ ሰላም ብሎ፣ ጉድጓዱን በዓይኑ ዞሮት፣ ሥራ አለብኝ ብሎ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ በቤቱ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ዘይቱና ግን ታውቃለች። ተማሪ እያለ የክፍሉ ልጆች "የጉድጓዱ ልጅ" ይሉት ነበር፤ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሲል "ቀስ፣ እንዳትገባበት!" እያሉ ይስቁበታል። አንድ ቀን እያለቀሰ መጥቶ አባቱን "እርስዎ ለምን እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው አይሠሩም?" አላቸው። ሽማግሌው መወርወሪያቸውን አቁመው አዩት፤ ከዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ በአባትና ልጅ መካከል ስለ ሽመና ወሬ ተነስቶ አያውቅም።

ዘይት ቤቱ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ወደ ውሃው በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። ዘይቱና ስትደርስ ደቦው ከተጀመረ ቆይቷል። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ከአርዲቦ በኩል የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ፣ ሸሚዛቸውን ጠቅልለው ገብተውበታል። ቤቱ ሲረከቡት ከኑግ ዘይትና ከናፍጣ ጥላሸት የተነሳ ግድግዳው እንደ ምጣድ ቂጥ የጠቆረ ነበር። በላዩ ላይ ኖራ ቢቀቡት ኖራው በማግስቱ ቅርፊት ቅርፊት እየሆነ ረገፈ። ከዚያ ሴቶቹ ተነስተው በፈላ ውሃ፣ በአመድና ከሐይቁ ዳር ባመጡት አሸዋ ለሳምንታት ፈተጉት። ዛሬ ኖራው ይዞ ግድግዳው ነጭ ነው። ሞተሩ የተነቀለበት ቦታ ላይ መስኮቶች ተከፍተው ውሃው ወለል ብሎ ይታያል። እህል የሚፈስበት የነበረው ትልቁ የእንጨት ሣጥን ፈርሶ፣ ሳንቃው ለልብስ ሰፊዎቹ ረጃጅም ጠረጴዛ ሆኗል። ዘይቱና ጠረጴዛውን ዳሰስ አድርጋ መሰላል ይዛ ወደ ጓሮው መስኮት ሄደች፤ ከላይ የቀረ ጥላሸት ነበር።

ጥላሸቱን በቢላ እየፋቀች ሳለ ከመስኮቱ ውጭ፣ ከግድግዳው ሥር፣ የወንድሟን ድምፅ ሰማች። ከግንበኛው ከወልዴ ጋር ነበር የሚያወራው።

"ሸማኔዎቹስ የት ሊሆኑ ነው?" ይላል ወልዴ።

"ለጊዜው በየቤታቸው ይቆዩ።"

"እቤቱ ለሚሠራ ኮታ የለም አላላችሁም እንዴ?"

"ለጊዜው ነው የምልህ። ሌላ ቦታ እስክንፈልግላቸው። ኮታውን የሚፈቅደው ጓድ ፈንታሁን ከደሴ ዛሬ ከሰዓት ይመጣል። ዘመናዊ የሥራ አዳራሽ ብለን ጠይቀን፣ ወለሉ ልሙጥ ይሁን ተብለን፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚቀመጥ ሰው እናሳየው? ሲሚንቶውንስ ማን ይሰብረዋል? ቤቱን ራሱ ይነጥቁናል፣ ሁሉም ሜዳ ላይ ይቀራል።"

"አባትህስ?" አለ ወልዴ።

"እነግራቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"ማታ።"

ዘይቱና ቢላውን እንደያዘች ቀረች። ከመሰላሉ ላይ ሆና ልትጮህ አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው። የታያት አባቷ ናቸው፤ ንጹሕ ኩታቸውን ለብሰው፣ እንደ መንገደኛ እቃቸው ላይ ተቀምጠው፣ የሚልክባቸውን ሰው የሚጠብቁት። ጉድጓዱ የለም። በረንዳ የላቸውም። ክር የለም። በስልሳ ዓመታቸው ያንን አፈር መልሰው ሊያወጡት ነው? አውጥተውትስ ምን ሊሸምኑበት? ቀስ ብላ ወረደች።

አዳራሹ መሐል ወንዶቹ በረድፍ ቆመው ድንጋይ እየተቀባበሉ ቦዩን ይሞላሉ። ይህ ቦይ በቤቱ ርዝመት፣ ከአንደኛው ግድግዳ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ የሚሄድ ነው። ድሮ የሞተሩ ረጅም ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጊያው፣ በውስጡ እየሮጠ መጭመቂያዎቹን ያሽከረክር ነበር። ግራና ቀኙ በሲሚንቶ የታነጸ ነው፤ ከአፉ ላይ የመጭመቂያው ብረት ታስሮባቸው የነበሩት ወፋፍራም ብሎኖች በየርቀቱ ብቅ ብቅ እንዳሉ ቀርተዋል። ሁሉም ሰው ይህን ቦይ ሲያይ የሚያስበው ስለ መድፈን ብቻ ነው፤ ልጅ ይወድቅበታል፣ አይጥ ይራባበታል። ዘይቱና ራሷ "ይደፈን" ሲባል እጇን አውጥታለች። አሁን ግን ድንጋይ ወዳልደረሰበት ጫፍ ሄዳ፣ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ፣ የቦዩ አፍ ላይ ዘፍ ብላ እግሮቿን ወደ ውስጥ ሰደደች።

እግሯ ሲንጠለጠል የሆነ ነገር ተሰማት። ሴት አትሸምንም። ልጅ ሆና ግን አባቷ ለዙህር ሶላት ሲነሱ እየጠበቀች ሾልካ ጉድጓዱ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ መርገጫዎቹን በባዶ እግሯ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ ትረግጣቸዋለች። አባቷ ሲመለሱ ያዩና እንዳላዩ ሆነው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አሁንም እግሮቿ ሳታዛቸው ባየር ላይ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ ይሉ ጀመር። ወደ ታች አየቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ የቦዩን አፍ እስከ ወዲያኛው ጫፍ በዓይኗ ተከተለችው። ማንም ሳይቆፍር የተቆፈረ ነው። ያውም ለአንድ ሰው አይደለም።

"ተነሺ እንጂ ዘይቱና" አለ ወልዴ ከውጭ ገብቶ። "ድንጋዩ ደርሶብሻል።"

"አልነሳም።"

"ምን ሆነሽ?"

"ተቀመጥኩ።"

"መቀመጡንማ አየሁ። ወንበር ጠፍቶ ነው?"

"ይኸው ወንበር።"

ከረድፉ ውስጥ አንዱ ድንጋዩን ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ "ኧረ ወልዴ፣ አብረህ ድፈናት! እኛ ክንዳችን ተገነጠለ!" ብሎ ጮኸ። ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ሌላው ደግሞ፣ "ተዋት፣ ባል እስኪመጣላት ነው!" አለ። ዘይቱና ባል ከፈታች የቆየች ናት። ይህን ቀልድ በረንዳው ላይ በየቀኑ ስትሰማው ስለኖረች ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ጓደኛዋ ስህን፣ ከእሷ ጋር ባንድ በረንዳ ስትሰፋ የኖረችው፣ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች። ዘይቱናን አየቻት፣ ወንዶቹን አየቻቸው፣ መጥረጊያዋን ጣለችና አጠገቧ ተቀምጣ እሷም እግሯን ሰደደች።

"ነገሩ ምን እንደሆነ አላውቅም" አለች። "ግን እኔም ደክሞኛል።"

ከዚያ ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ ተቀመጡ። ድንጋይ የሚያስገባበት ቦታ ጠፋ። ረድፉ ቆመ።

ለዛሬ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ የወሰደው ሙዘይን በጩኸቱ ገባ። እንደ ሁልጊዜው ሱሪው የተተኮሰ ነው፤ መነጽሩ ላይ ኖራ ነጥቦበታል። እህቱ ጋ መጥቶ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ፣ "እታለም፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ" አላት።

"አባዬ ጉድጓዳቸውን ደፈኑት።"

"የቱን?"

"ሌላ ጉድጓድ አለን እንዴ?"

ቀና አለ። "መቼ?"

"ዛሬ ጧት። ዱአ አድርገውበት።"

ሙዘይን መነጽሩን አወለቀ። ኖራውን ሊጠርገው ፈልጎ ይሁን ሌላ ነገር ፈልጎ፣ በሸሚዙ ጫፍ ሲያሸው ቆየ። ለእሱም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ቤቱ ከተነጠቀ የሁሉም ሰው ድካም ገደል መግባቱ እውነት ነው፣ ያለውን ያለው በክፋት አልነበረም። ዘይቱናም ይህን ስለምታውቅ ነው ያልጮኸችው። ክንዱን ያዘችና ወደ ታች ሳበችው።

"ና ተቀመጥ።"

"በዚህ ሱሪ?"

"በዚህ ሱሪ።"

ተቀመጠ። እግሩን ሰደደ። ሰዉ ሁሉ ድንጋዩን እንደታቀፈ ያየዋል። ከዚያ እጁ ወደ ጎን ሄዶ ከሲሚንቶው ብቅ ያለውን ብሎን ጨበጠ፤ ነቀነቀው፣ አልተነቃነቀም። ወደሚቀጥለው ብሎን አየ፣ ወደሚቀጥለውም። "ቋሚዎቹ እዚህ ይታሰራሉ" አለ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። "የሸማኔዎቹ ጀርባ ወደ ግድግዳ ይሆናል። ድሩ በዚህ በኩል ይዘረጋል። ብርሃኑ ከፊት ለፊት…" ብድግ አለ። "ወልዴ! ድንጋዩን አውጡት።"

"ምን?"

"ያስገባችሁትን አውጡት።"

"አሁን አስገብተን አሁን ልናወጣ?" አለ ከረድፉ ያ ቀልደኛ። "እንግዲያስ ደሞዛችን እጥፍ ይሁን!"

"ደሞዝ አለህ እንዴ አንተ?" አለችው ስህን። ሁሉም እንደገና ሳቀ። ከዚያ ረድፉ ፊቱን አዞረና ድንጋዩ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ለቦዩ ተብሎ የተቦካው ሲሚንቶ እንዳይደርቅ ወልዴ እየተራገመ ወሰደውና፣ የመጭመቂያው ብረት ተነቅሎ የተቦረቦረውን፣ በልብስ ሰፊዎቹ በኩል ያለውን ወለል ለሰነበት። ያ ቦታ ሲሚንቶ አልበቃው ብሎ ሊተው የነበረ ነው።

ዘይቱና አባቷን ልትጠራ ሄደች። መንገዱ አሁን ሞልቷል፤ ዓሣ ሻጮች የቆሮሶውን ጥንድ እያነሱ ዋጋ ይጠራሉ፣ አንዷ "ትናንት በስሙኒ ነበር!" ብላ ትጣላለች። ሽማግሌው እንዳሰበቻቸው ነበሩ። ኩታቸውን ለብሰው፣ የታሰረው እቃቸው ላይ ተቀምጠው፣ ወደ በሩ ያያሉ።

"ምነው ዘገያችሁ?"

"ወለሉ እስኪስተካከል ነው አባዬ።" የሰማችውን አልነገረቻቸውም። ኋላም አልነገረቻቸውም። ከባዱን ቋሚ እሷ ልታነሳ ስትል፣ "አንቺ መርገጫውን ያዢ" አሉና ራሳቸው ተሸከሙት። ወጡ። የጎረቤት ሸማኔው ኑርዬም ሌሎቹም እቃቸውን እየተሸከሙ ከየደጃፋቸው ተቀላቀሏቸው።

አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ሲደርሱ ሙዘይን ከፊት ለፊታቸው እየሮጠ መጣ። የሱሪው መቀመጫ በቦዩ አቧራ ጠቁሯል። የትምህርት ቤት ልጆች ለምሳ የሚለቀቁበት ሰዓት ስለነበረ መንገዱ በተማሪ ተሞልቷል። ሙዘይን አባቱ ፊት ቆመ። ቋሚውን ከትከሻቸው ላይ አንስቶ በራሱ ትከሻ ላይ አደረገው። ያን እንጨት በሕይወቱ ተሸክሞት አያውቅም። ተማሪዎቹ መንገድ ለቀቁለት። አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ፣ "ምንድነው የተሸከመው መምህር?" ስትል ሰማና ዞር ብሎ፣ "የአባቴ የሽመና እቃ ነው" አላት። እንደ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ነበር የተናገረው። ሽማግሌው ከኋላው ሲሄዱ ኩታቸውን በግራ ትከሻቸው ላይ ደጋግመው አስተካከሉት። እንደዚያ የሚያደርጉት ለዒድ ሲሄዱ ብቻ ነው።

አዳራሹ ሲደርሱ ጋሽ እንድሪስ ወዲያው አልተቀመጡም። ከቦዩ ጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሱ። አፍንጫቸውን ነፋ አድርገው፣ "ኑግ ይሸታል" አሉ። "ይሁን፣ ክሩ አይደርቅም" ብለው ጨመሩ። ተቀምጠው እግራቸውን ሰደዱ፤ መሬት አልነካላቸውም። ቦዩ ከቤታቸው ጉድጓድ ይጠልቃል። ቅር አላቸው፤ ሌሎቹም ሸማኔዎች እርስ በርስ ተያዩ። ወልዴ ግን "አይነሱ!" ብሎ ጮኸና ሄዶ ከእህል ሣጥኑ የተረፈ ሳንቃ አመጣ፤ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ከሥሩ ድንጋይ እየደረደረ አነጠፈላቸው። "ድንጋይ ቦዩ ውስጥ ሳይገባማ አያድርም፣ ምሎብናል" አለ። ሽማግሌው ረገጡት። ቀኝ፣ ግራ። "ትንሽ ከፍ።" ከፍ አደረገ። "እዚያው ያዘው። ጎበዝ!"

ጓድ ፈንታሁን ሲደርስ ስድስት ሸማኔዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ የጋሽ እንድሪስና የኑርዬ ድር ተወጥሯል፣ የሌሎቹ ገና እየታሰረ ነው፤ ልብስ ሰፊዎቹም መኪናቸውን አምጥተው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ፈንታሁን ቀጭን ወጣት ነው፣ አቧራ የጠገበ ካኪ ለብሷል። ከበሩ ቆሞ ነጩን ግድግዳ፣ መስኮቶቹን፣ ረጃጅም ጠረጴዛዎቹን አየና ፊቱ ፈካ። ከዚያ ቦዩን አየ።

"ጓድ ሙዘይን፣ ወለሉ ልሙጥ ይሁን ነበር ያልነው።"

"አዎ።"

"ታዲያ ጉድጓድ ቆፈራችሁበት?"

"አልቆፈርንም። የሞተሩ ቺንጊያ ቦይ ነው፣ ከቤቱ ጋር የተሠራ።" ሙዘይን በእጁ ወደ ስፌት መኪኖቹ አመለከተ። "ወለሉ ልሙጥ ይሁን የተባለው የስፌት መኪና እንዳያነክስ፣ ሰው እንዳይሰናከል ነው። መኪኖቹ ያሉበት ወለል ያውልዎ፣ የተቦረቦረውን ዛሬ ነው የለሰንነው። ቦዩ ጋ ደግሞ የሚሰናከል የለም፣ ሰው ተቀምጦበታል። የሸማኔ መሥሪያው ይህ ነው፤ እግሩን የሚያኖርበት ከሌለው መሸመን አይችልም። እኔ ራሴ እስከ ዛሬ ጧት ድረስ እናስወጣቸው ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር።" ወደ ሽማግሌው ዞረ። "እኚህ አባቴ ናቸው። በሽመና ነው ያስተማሩኝ።"

ዘይቱና አባቷን ለማየት ፈራች፤ መኪናዋ ላይ አቀረቀረች። ፈንታሁን ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ ቦዩን፣ ብሎኖቹን፣ ሳንቃውን ሲያይ ቆየ። ለአለቆቹ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ እያሰበ መሆኑ ግንባሩ ላይ ይታያል።

"ሐሳቡ የማነው?"

"የእህቴ።"

"እኔማ ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት" አለች ዘይቱና ሳታስበው። አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ።

"ጓድ" አሉ ጋሽ እንድሪስ፣ ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንግዳው ቀና ብለው።

"አቤት አባት?"

"ድሬን እየረገጡብኝ ነው።"

ፈንታሁን ወደ ታች አየ፤ ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ። መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ነው። ከዚያ የተቀረው ሰው ሁሉ ተከተለ፤ ወልዴ ግድግዳውን ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ፈንታሁን ጫማውን አወለቀና ከሽማግሌው አጠገብ ተንበርክኮ፣ "እስቲ ያሳዩኝ" አለ። ጋሽ እንድሪስ "ቢስሚላህ" ብለው መወርወሪያውን ለቀቁት። ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። ኑርዬ ከጎናቸው ጀመረ። ዘይቱና መኪናዋን አሽከረከረች፣ ስህን ቀጠለች፣ ከዚያ መኪኖቹ ሁሉ። ያ ሞተሩ ከተነቀለ ወዲህ ዝም ብሎ የኖረ ቤት እንደገና ጮኸ፤ የመወርወሪያው ዷ ዷታና የመኪኖቹ ጥርጥርታ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር እየተላተመ ሰው ተጠጋግቶ ካልሆነ በቀር የማይሰማማበት ሆነ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ሥር ሽማግሌው በአምባሰል ዜማ የሆነ ነገር ያንጎራጉራሉ። ቤት ብቻቸውን ሲሠሩ የሚያንጎራጉሩት ነው።

"ይመቻል?" ብሎ ጮኸ ፈንታሁን በጆሯቸው።

"ቤቴ ጉድጓድ ነበረኝ" አሉ። "ጎረቤት ግን አልነበረኝም።"

ፈንታሁን ተነስቶ ሙዘይንን ጨበጠው። "ክሩም ጨርቁም በሚቀጥለው መኪና ይመጣል። ለሁሉም" አለ። "ቦዩ ያልተያዘበት በኩል ግን ይከደን፣ ሰው እንዳይወድቅብኝ።" እልልታው ከሴቶቹ በኩል ተነሳ። ምሳው ዓሣ ነበር፤ ማን ባረከው፣ ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ፣ እስላምና ክርስቲያን አንድ ትሪ የሚከቡበት ምግብ እዚህ አገር እሱ ነው። ፈንታሁን እሾኹ ጉሮሮው እንዳይገባ ስህን እየለቀመች አበላችው።

ጀምበር ወደ አምባሰል ተራሮች ስታዘቀዝቅ ሦስቱም አብረው ወደ ቤት ተመለሱ። ሙዘይን እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። ዓይኑ ወደ ጉድጓዱ ሄደ፤ ጉድጓዱ ግን የለም፣ ከበሩ እስከ መደቡ ድረስ አዲስ አፈር ነው። ክፍሉ ሰፍቶ ታየው። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ሰሌኑን ከተጠቀለለበት አንስቶ እዚያው አፈሩ ላይ፣ መሐል ቤት ሊያነጥፈው ጎንበስ አለ።

"ቆይ፣ አታንጥፈው" አሉ አባቱ። "አፈሩ ገና አልጠበቀም፣ ይሰምጥብሃል።"

ሙዘይን ሰሌኑን መልሶ አቆመና ባዶ እግሩን አፈሩ ላይ አሳረፈ። ረገጠው። ቀኝ፣ ግራ። ዘይቱና ሳቋ መጣባትና እሷም ገብታ ረገጠች። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌው ኩታቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ "እንዲህ አይደለም፣ ተረከዙን ነው የምትሰጡት" ብለው መሐላቸው ገቡ። ሦስቱም ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ረገጡት። ኑርዬ ከደጅ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቶ አንገቱን አስገባ።

"ምን ሠርግ ነው ይሄ?"

"ግባ ኑርዬ!" አሉ ጋሽ እንድሪስ እያለከለኩ። "ግባ፣ ምንም አትፍራ፣ የሚወደቅበት የለም።"